ገመድ ብቻ የሚያውቀው የባሌ ኮምፒውተር

ገመድ አልባ የሚባል ነገር የለም። ካላመናችሁኝ ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩት። ገመድ አልባ የምንለው ስልክ በየማታው ገመድ ላይ እየተሰካ ነው የሚያድረው። ገመድ አልባውን ኢንተርኔት በቤቱ ሁሉ የሚረጨው ራውተር ራሱ ሁለት ገመድ ጀርባው ላይ አስሮ ነው የሚኖር፤ አንዱን ንቀሉት፣ ወዲያው ነፍሱ ትወጣለች። በዕድሜዬ ያለ ገመድ ሲሠራ ያየሁት አንድ ነገር የጎረቤት ሐሜት ብቻ ነው። እሱን ግድግዳ አያግደው፣ መብራት ቢጠፋ አይቆም።

ተምራ ነው እንዳትሉኝ። እኔ ታይፒስት ነበርኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በመሥሪያ ቤታችን የአለቆችን ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬአለሁ። አንዱ አለቃ ሄዶ ሌላው ሲመጣ «ስለሆነም» የነበረው «በመሆኑም» ይሆናል እንጂ ደብዳቤው ያው ነው። ከብረቱ መኪና ወደ ኮምፒውተር ስንዛወርም እኔ ነኝ የተዛወርኩት። ስለዚህ ማሽን ቢያስቸግረኝ አልደነግጥም። ማሽን ሲበላሽ ቢያንስ «ዝም በይ፣ እኔ አውቃለሁ» አይልም። አንጀቴን የሚያሳርረው ማሽንና ባል በአንድ ሳምንት ሲበላሹ ነው።

ባሌ አስናቀ ይባላል። ጎጃም ተወልዶ በወጣትነቱ ፊዚክስ ሊያስተምር አርባ ምንጭ ተመደበ። ሲመጣ «ለሁለት ዓመት ነው» ብሎ ነበር። ያቺ ሁለት ዓመት እስከ ዛሬ አላለቀችም። እኔ የጨንቻ ልጅ ነኝ፤ አማርኛን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያገኘሁት ጋሞ። እሱ ደግሞ ከጡት ጋር ጠብቶታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «መኪናው መጣች» ስል ያርመኝ ነበር፤ አሁን ተስፋ ቆርጦ ትቶኛል። ሠላሳ ዓመት የአውራጃውን ልጅ ሁሉ ስለ ሞገድና ስለ ፍጥነት ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ወጣ። ላይኛው ከተማ ሴቻ ላይ ካለው ግቢያችን በረንዳ ሆኖ ቀዩን የአባያ ውኃ እያየ መቀመጥ ነው ሥራው። ማየት እንኳ ስል፣ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። የቀዶ ሕክምና ተራ እየጠበቀ ነው። ትልቁን ያያል፣ ትንሹን አያይም። ይህን ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

ጣጣው ግን የመጣው ከጎጃም ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት የአስናቀ እናት አረፉ። መንገዱ የማያስኬድበት ወቅት ነበር። አስናቀ ሻንጣውን ይዞ አዲስ አበባ ድረስ ሄደ፤ እዚያ ስድስት ቀን ሲጠብቅ ቆየ፤ ማለፊያ ሲያጣ ተመለሰ። ለቀብሩ አልደረሰም። ለአርባውም አልደረሰም። ታላቅ ወንድሙ ጋሽ አያሌው በለቅሶው ድንኳን መሐል ቆመው «እናቱን አፈር ያላለበሰ ወንድም የለኝም» አሉ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ሲደወልላቸው አያነሡም። ሰው ቢላክባቸው «ደህና ነው በሉት» ብለው ይመልሳሉ። ይህን ያህል ክፉ መልስ እኔ አላውቅም።

በእኛ በጋሞዎች ቢሆን ነገሩ እዚህ ድረስ አይደርስም ነበር። ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከፊትህ ሲንበረከኩ አልታረቅም ብሎ ነገር የለም፤ ነውር ነው። ይህንኑ ለአስናቀ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። «ታዲያ ሽማግሌዎቹን በምን እንላካቸው? እኔ ማለፍ ያቃተኝን መንገድ እነሱ ሊያልፉት?» ይለኛል። እውነቱን ነው። ሣር በኢንተርኔት አይላክም።

አንድ ሰኞ ቀን የጋሽ አያሌው የልጅ ልጅ ሕይወት ደወለች። ባሕር ዳር ነርስ ናት። አያቷን ስትለማመጥ ከርማ እሺ አሰኝታቸዋለች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታቸው ትሄድና በእሷ ስልክ ታገናኛለች። «ግን አንድ ነገር ብለዋል» አለች። «‹ፊቱን እያየሁ ከሆነ አናግረዋለሁ። ድምፅ ይዋሻል፣ ፊት አይዋሽም› ነው ያሉት።»

ቀላል ነው አልኩ በልቤ። የእኔ ስልክ ካሜራ አለው፣ ሳሎን ውስጥ ዋይፋይ አለ፣ ምን ቀረን? አስናቀ ግን ስልኬን ተቀብሎ አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ፣ አርቆ፣ አዘንብሎ አየውና መለሰልኝ።

«በዚህ መዳፍ በምታህል ነገር የወንድሜን ዓይንና ቅንድብ አልለይም» አለ። «እሱ የእኔን ፊት እያየ ይፍረድ፣ እኔ የሱን ሳላይ ልፈረድ? የት አገር ነው እንዲህ ያለ ችሎት?»

«ታዲያ በምን ልታየው ነው?»

«በኮምፒውተሬ።»

ኮምፒውተሩን ላስተዋውቃችሁ። ትምህርት ቤቱ ያገለገሉ ዕቃዎችን ሲያስወግድ ያመጣው ነው። ስክሪኑ የመስኮት ያህል ሰፊ ነው፤ ሳጥኑ ሲነሣ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ልጃችን ከአዲስ አበባ ካሜራና ማይክ ልካለታለች። የሚኖረው ከዋናው ቤት ተለይቶ ጓሮ ባለችው ሰርቪስ ውስጥ ነው፤ አስናቀ «ቢሮዬ» ይላታል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ሸሚዙን ለብሶ ግቢውን አቋርጦ «ቢሮ ገባሁ» ይልና ማንም ያልጠየቀውን የፊዚክስ ጥያቄ ሲያወጣ ይውላል። ይህ ኮምፒውተር በአየር የሚመጣ ኢንተርኔት አያውቅም። ከተሠራ ጊዜ ጀምሮ የሚያውቀው ገመድ ብቻ ነው። ራውተሩ ደግሞ ሳሎን ነው፤ በመካከላቸው ግቢውና አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ።

ለምን ኮምፒውተሩን ሳሎን አታመጡትም? ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር፤ ግማሽ ልቤን ሆኜ። እሱ «ወንድሜን የማናግረው በአደባባይ፣ ሰው ሲወጣ ሲገባ እያየኝ አይደለም» አለ። እኔም እውነቱን ልናገርና ያን የሚያጓራ ሣጥን ከነአቧራው ሳሎኔ ማስገባት አልፈለግሁም። ሳሎኑን ገና ለፋሲካ ነበር ያስቀባሁት። ስለዚህ ሁለታችንም ትክክል ሆንን። ሁለት ትክክል ሰዎች ባሉበት ቤት ደግሞ ምንም ሥራ አይሠራም።

ማክሰኞ ወደ ታችኛው ከተማ ወደ ሲቀላ ወርዶ ከአንዱ ሱቅ ጣት የምታህል ነገር ይዞ መጣ። ኮምፒውተሩ ላይ ስትሰካ ዋይፋይ ትይዛለች ብለውታል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ውኃ ገብታ! ሰካት። ኮምፒውተሩ ጢን አለና ሲዲ አስገቡ አለ። ሲዲው አብሯት በትንሽ ፖስታ አለ፤ የሲዲው መግቢያ ግን ስንት ዓመት ሳይከፈት ኖሮ ተጣብቋል። አስናቀ በቢላዋ ፈልቅቆ ከፈተው። ተከፈተ፤ አልሠራም፤ ተመልሶም አልዘጋ አለ። እስከ ዛሬ ምላሱን አውጥቶብን ነው የሚኖር። ወረቀቱን መነጽሬን አድርጌ ሳነበው ሌላም መንገድ አለ፦ ሲዲ የሌላችሁ ከኢንተርኔት አውርዱ ይላል። ኢንተርኔት ለማግኘት መጀመሪያ ኢንተርኔት ይኑርህ ማለት ነው። በዩኒቨርሲቲያችን አጥር ሥር ዲግሪያቸውን ይዘው የሚመላለሱት ልጆች ይህችን ቋንቋ ያውቋታል። ሥራ ለመያዝ የሥራ ልምድ አምጡ ይሏቸው የለ?

ረቡዕ አስናቀ ረጅም ገመድ ይዞ መጣ። ግድግዳውን በስቶ ግቢውን በመሬት ውስጥ ቀብሮ ሊያሳልፈው ፈለገ። መብሻውን ከጎረቤት ተውሶ ሳሎን ሲገባ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ቀለሙን ትነካና!» አልኩት።

«አንድ ቀዳዳ እኮ ናት፣ ወርቄ። ጣት አታስገባም።»

«ጣት ባታስገባ ጉንዳን ታስገባለች።»

እናንተዬ፣ ይህን ስል ራሴን ሰምቼው ነበር። ግን ከአፍ የወጣ ነገር ነውና መለስ ማለት ከበደኝ። እሱም አልተከራከረኝም። ተኮሳትሮ ወጣና ገመዱን በሳሎኑ መስኮት አውጥቶ፣ በማንጎው ቅርንጫፍ ላይ አሻግሮ፣ በቢሮው መስኮት አስገባው። መሰላል ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ከታች ሆኖ ስለ ርቀትና ስለ ውጥረት ያስረዳኛል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ገመዱ ተሰካ። ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ያዘ! አስናቀ እጁን አጨበጨበ። የአየር ሁኔታ ከፍተን የጎጃምን ዝናብ አየን፣ የምዕራብ አባያንም አየን፤ ደስታችን ስለበዛ የማይመለከተንን አገር ዝናብ ሁሉ አየን።

ሐሙስ ጠዋት ጦጣዎች መጡ።

ሴቻ የሚኖርን ሰው ከጦጣ ጋር አያስተዋውቁትም። ማንጎ ሲበስል ከኛ ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የዚያን ቀን ግን ማንጎውን ከቁም ነገርም አልቆጠሩት። አንዱ ትልቅ ጦጣ ገመዱን በእጁ ነካ አደረገው፤ ተንጠለጠለበት፤ ተወዛወዘበት። ከዚያ ሚስቱንና ልጆቹን ጠራ። እኔ መጥረጊያ ይዤ ስሮጥ ደርሼ ሳይ አንዷ ልጅ ይዛ ተቀምጣ ገመዱን እንደ ሸንኮራ እያላመጠች ነው። መሐሉ ላይ በጠሱት። አስናቀ ከቢሮው ወጥቶ የተንጠለጠለውን ጫፍ በእጁ ዳሰሰና ዞሮ አየኝ። ጦጣዎቹን እኔ የላክኋቸው ይመስል!

«አንድ ቀዳዳ ነበረች» አለኝ። «አንድ!»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ልመልስለት አፌን አሹዬ ነበር፤ ግን ትቶኝ ገባና በሩን ዘጋ። ምሳ ብዬ ብጠራው አልመጣም። በኋላ ሻይ ይዤለት ስሄድ ከውስጥ ድምፁን ሰማሁ። ሰው አለ እንዴ ብዬ ቆምኩ። ማንም የለም። ብቻውን ነው።

«ጋሼ» ይላል። ዝም ይላል። «ጋሼ፣ እኔ እኮ…» ይላል። ዝም ይላል። እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። «ጋሼ…» ከዚያች ቃል አያልፍም። ሠላሳ ዓመት ስልሳ ተማሪ ፊት ሳይንተባተብ የቆመ ሰው በጠፋ ስክሪን ፊት ተንተባተበ።

ሻዩን ይዤ ተመለስኩ። ቀለም ለመጠበቅ ብዬ ምን እንዳደረግሁ ያን ጊዜ ገባኝ። ትንሽ ቆይቼ ስመለስ «ና ግድግዳውን ብሳው» አልኩት። «አልበሳም! ገመዱም ተበጥሷል፣ ነገሩም በቃኝ» አለኝ። ተመልከቱ እንግዲህ! ስከለክለው ይበሳል፤ ስፈቅድለት አይበሳም። ይህን የመሰለ ሰው ጋር ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት።

አርብ ባጃጅ ይዤ ሲቀላ ወረድኩ። ከመናኸሪያው ጀርባ ማቴዎስ የሚባል ሰው ኤሌክትሮኒክስ ይጠግናል። የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ቦርጭ አውጥቷል፤ ከተማው ውስጥ የተበላሸ ነገር ሁሉ እሱ ጋ ይሄዳል። እስከዚያ ቀን ወደ እሱ ያልሄድነው ምክንያት አለው። ስሙን ባነሣሁ ቁጥር አስናቀ «በእኔ ፊዚክስ ሁለት ጊዜ የወደቀ ልጅ ነው የኔን ኮምፒውተር የሚነካው?» ይለኝ ነበር።

ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ማቴዎስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሲሰማኝ ቆየና «እትዬ ወርቅነሽ፣ ቲቸር ራሳቸው ናቸው ጥሩት ያሉት?» አለኝ።

«አዎ» አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት መጣ። አዲስ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። በሩ ላይ ባርኔጣውን አወለቀ። አስናቀ ከወንበሩ ሳይነሣ በደብዛዛ ዓይኑ ቁመናውን መረመረ።

«ማነው?»

«ማቴዎስ ነኝ ቲቸር።»

«ማቴዎስ…» አለ አስናቀ። «ሠላሳ ስምንት!»

«አዎ ቲቸር። በዓመቱ ግን አርባ አንድ።»

«አሻሽለሃል» አለ ባሌ፤ ከልቡ ነው ደግሞ። ወደ እኔ ዞሮ ያየኝ አስተያየት ግን ለማታ የሚቆይ ነበር።

ማቴዎስ ከቦርሳው አንድ ያረጀ ራውተር አወጣ። አስናቀ ዘመም ብሎ ዳሰሰውና እንደ ፈተና «ይህ ምን ሊያደርግ ነው? አስረዳ!» አለው። ሰውዬው፣ ያ ቦርጫም፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ቲቸር፣ የእርስዎ ኮምፒውተር ከገመድ ሌላ ቋንቋ አያውቅም። ሳሎን ያለው ደግሞ በአየር ነው የሚናገረው። ይኼኛው ሁለቱንም ያውቃል። እዚህ አጠገብዎ ይቀመጥና የሳሎኑን በአየር ይቀበላል፣ ለኮምፒውተሩ በዚህች አጭር ገመድ ያቀብለዋል። አስተርጓሚ ማለት ነው።»

አስተርጓሚ ሲል እኔ ወዲያው ገባኝ። እናቴ በሕይወት ሳለች እሷ በጋሞኛ፣ አስናቀ በአማርኛ ሲነጋገሩ መሐላቸው የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። እሷ «ይህ ሰው ሥጋ ለምን አይበላም?» ስትል እኔ «እንኳን ደህና መጣህ እያለችህ ነው» እለው ነበር። ጥሩ አስተርጓሚ ሁሉን አያቀብልም።

አስናቀ ግን ራውተሩን መልሶ ዳሰሰው። ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ «አንተ ልጅ፣ ይህን ያህል ማስረዳት ከቻልክ ያኔ ክፍል ውስጥ ለምን አላስረዳኸኝም?» አለው።

ማቴዎስ መሬት መሬት እያየ «ቲቸር፣ ያኔ የጠየቁኝ በእንግሊዝኛ ነበራ» አለ።

ቤቱ ጋሞኛ፣ ገበያው አማርኛ፣ ፈተናው እንግሊዝኛ የሆነበት ልጅ ሠላሳ ስምንት ማምጣቱ ራሱ ጀግንነት ነው እላለሁ እኔ፤ ግን ማን ጠየቀኝ? አስናቀ ብድግ አለና ወንበሩን ለማቴዎስ ለቀቀለት። በትዳራችን ዘመን ያን ወንበር ለሰው ሲለቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ነገሩ ወዲያው ሠራ ብላችሁ እንዳታስቡ። አስተርጓሚው ሲከፈት ጭራሽ የሳሎኑም ጠፋ። አንዱን ሲያስነሡት ሌላው ይሞታል። ማቴዎስ ሲያልበው ቆይቶ ምክንያቱን አገኘው። ሁለቱም ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጣቸው አድራሻ አንድ ነው ለካ! ሁለቱም የቤቱ ጌታ እኔ ነኝ ይላሉ። አንዱ ዝቅ ብሎ አድራሻውን ካልቀየረ ሁለቱም ሥራ አይሠሩም። «ማንኛው ይቀይር ቲቸር?» አለ ማቴዎስ። አስናቀ ትንሽ አሰበና «ኋላ የመጣው ነዋ፣ ታናሹ» አለ። እንዲህ ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ማቴዎስ አላስተዋለም፤ ወይም ጨዋ ነው። ከምሳ በኋላ ያ ወፍጮ ኮምፒውተር ያለ ጦጣና ያለ ማንጎ የጎጃምን ዝናብ አሳየን።

እሁድ አስናቀ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ። ፀጉሩን ሁለት ጊዜ አበጠረ። ማንም እንዳይገባ አለ፤ እኔ ብቻ ቀረሁ፣ ማውዙን የሚይዝለት ሰው ስለሌለ። መብራቱም ያን ቀን ጨዋ ሆነ፣ አልጠፋም። ተደወለ። የሕይወት ሣቅ ያለበት ፊት ስክሪኑን ሞላው።

«አያቴ ተዘጋጅተዋል፤ ግን ውጪ ብለውኛል። ብቻቸውን ነው የሚያናግሩት። ይኸው ሰጠኋቸው!»

ስክሪኑ ተንቀጠቀጠ፤ ጣሪያ ታየ፣ ጋቢ ታየ፣ በር ሲዘጋ ተሰማ። ከዚያ አንድ ግዙፍ፣ ቡኒ፣ የተጨማደደ ነገር መጥቶ ያን የመስኮት ያህል ስክሪን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። አስናቀ ወደ ፊት ተሳበ። እኔም ተሳብኩ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብን።

ጆሮ ነው።

ጋሽ አያሌው ስልክ በሚያዝበት ወግ ይዘውታል። ጆሯቸው ላይ ለጥፈውታል። «ሃሎ!» ይላሉ። «ሃሎ! አስናቀ ነህ?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ይሰማችሁ ነበር? እኔ ግንባሬን መታሁ። ስድስት ቀን! ያቺ ጣት የምታህል ዕቃ፣ ያ ገመድ፣ ጦጣው፣ ባጃጁ፣ በእርጅና ዕድሜዬ የዋሸሁት ውሸት፣ ሁሉም ለጆሮ! ፊቱን ካላየሁ ያሉት እሳቸው አይደሉም እንዴ? ወደ ማይኩ ጠጋ ብዬ «ጋሽ አያሌው፣ ስልኩን ከጆሮዎ ያርቁትና…» ስል አስናቀ እጁን በአፌ ላይ አደረገ።

ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ተተክሏል። ጣቱን አንሥቶ የጆሮውን ጫፍ ነካ። እዚያ ላይ ሥጋው ጎደል ያለ፣ ተቆርጦ የዳነ ቦታ አለ።

«ይቺን እኔ ነኝ» አለኝ በሹክሹክታ። «በወንጭፍ። ማሽላ ስንጠብቅ ወፍ መታሁ ብዬ። ለእምዬ ግን ከዛፍ ወድቄ ነው አላት። እስክትሞት አልነገራትም።»

ከዚያ ወደ ማይኩ ዞረ። በዚያች ሳምንት ሙሉ ሊያልፋት ያቃተችውን ቃል አለፋት።

«ጋሼ» አለ፤ «ጆሮህ ዳነልህ ወይ?»

ከዚያ ጆሮው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሣቁ ይሁን እያለቀሱ በጆሮ ብቻ አይታወቅም።

«አንተ ባለጌ! ይታይሃል እንዴ?»

«ከዳር እስከ ዳር። ለአንተስ አልታይህም?»

«ለእኔማ ምን ይታየኛል፣ ጆሮዬ ላይ ይዤው።»

«ፊቱን ካላሳየኝ አልክ ብለውኝ እኮ ነው።»

«ብዬ ነበር። ድምፅህን ስሰማ ረሳሁት። አወራርህ እምዬን መስሏል። ተወው፣ አታስነሣኝ፤ ዝም ብለህ አውራ።»

አስናቀ አወራ። አዲስ አበባ ድረስ መሄዱን፣ ሻንጣውን፣ ስድስቱን ቀን። ጋሽ አያሌው መሐል ላይ አቋረጡት።

«አውቃለሁ» አሉ። «የዚያኑ ሳምንት ነው የሰማሁት። እኔ የተናደድኩት በመንገዱ ነበር። መንገድን ምን ብዬ ልቆጣው? አንተን አገኘሁ።»

እኔ ማውዙን አስቀምጬ ወጣሁ። ለጆሮ ማውዝ አያስፈልገውም። በረንዳው ላይ ተቀምጬ የምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ቁርሴን በላሁ። አስናቀ ሲወጣ ፀሐይዋ ከአባያ ላይ ዞራለች። ስለ ምን ሲያወሩ ዋሉ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ስለ ዝናብና ስለ በሬ ነው። ይኸው ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ያ ጆሮ ቤቴ ይመጣል። ሕይወት ስልክ ገዝታላቸዋለች፤ ስልኩን ፊታቸው ላይ እንዲይዙ ልታስተምራቸው ብትሞክር «የእናንተ ነገር» ብለው አባረዋታል።

ያን የመጀመሪያውን እሁድ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ንዴቴ አልወጣም ነበር። «እንግዲህ ለድምፅ ከሆነ በእኔ ስልክ ብታናግረው ምን ነበረበት?» አልኩት። «ያን ሁሉ አሳር!»

አስናቀ ሙሉ ልብሱን ገና አላወለቀም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ በዳበሳ እየፈታ ነበር።

«በአንቺ ስልክ ቢሆን» አለኝ፣ «ያቺ ጠባሳ አትታየኝም ነበር።»

ጎንበስ ብዬ አንዱን ጫማ ፈታሁለት።